ያገለገለ ካሜራና የሰው ሠርግ

አባቶቻችን በቅሎ ለመግዛት ገበያ ሲወጡ ከሻጩ አፍ ይልቅ የበቅሎዋን አፍ ያምኑ ነበር። ጥርሷን ገልጠው ዕድሜዋን ይገምታሉ፤ ኮቴዋን አንሥተው ይመረምራሉ፤ ጀርባዋን ዳብሰው ቁስል እንዳለባት ያጣራሉ፤ በመጨረሻም ዳገት አስወጥተው፣ ቁልቁለት አስወርደው ካዩ በኋላ ነው ስለ ዋጋ መነጋገር የሚጀምሩት። ዛሬ ግን የተማርን ነን የምንል ልጆቻቸው፣ በስንት ወር የተጠራቀመ ገንዘብ አውጥተን ያገለገለ ካሜራ ስንገዛ፣ በሻይ ቤት ጠረጴዛ ላይ ሁለት ጊዜ ቀጭ ቀጭ አድርገን፣ መልኩ አዲስ ይመስላል ተባብለን፣ ብሩን ቆጥረን እንነሣለን።

ይህንን መጻፋችን ያለ ምክንያት አይደለም። ከጥምቀት በዓል በኋላ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ድረስ ያሉት ሳምንታት የሠርግ ወቅት መሆናቸው የታወቀ ነው። በዚህ ወቅት በማስታወቂያ ሰሌዳችን ላይ ሁለት ዓይነት ወረቀቶች ጎን ለጎን ተለጥፈው ይታያሉ። አንደኛው «ያገለገለ ካሜራ ይሸጣል» ይላል፤ ሁለተኛው «ሠርግ በተመጣጣኝ ዋጋ እናነሣለን» ይላል። ብዙ ጊዜም በመጀመሪያው ወረቀት አማካይነት ካሜራ የገዛው ተማሪ፣ ሳምንት ሳይሞላው ሁለተኛውን ወረቀት ሲለጥፍ ይገኛል። ተማሪ በጉልበቱና በዓይኑ ሠርቶ ለደብተሩና ለትራንስፖርቱ የሚሆን ገንዘብ ማግኘቱን አንነቅፍም፤ ይልቁንም እናመሰግናለን። የምንነቅፈው በሁለቱ ወረቀቶች መካከል መኖር የሚገባው ምርመራ አለመኖሩን ነው።

ከወቀሳው ራሳችንን አናወጣም። ከጥቂት ጊዜ በፊት አራት ሆነን በመዋጮ አንድ ያገለገለ ካሜራ ገዝተን ነበር። ጭረት የሌለበት፣ ማንገቻው እንኳ ያልቆሸሸ፣ ዋጋውም ከሌሎቹ ዝቅ ያለ ስለ ነበረ፣ ዕድለኞች ነን ብለን ተደሰትን። በሦስተኛው ሳምንት የአንድ የክፍል ጓደኛችንን እኅት ሠርግ ለማንሣት ተስማምተን ቀብድ ተቀበልን። ካሜራው ከጧት ጀምሮ ደኅና ሲሠራ ዋለ። ከሰዓት በኋላ በአዳራሹ ውስጥ ዘመዶች ለምርቃት በተነሡ ጊዜ ግን አንድ እንግዳ ድምፅ አሰማና ቆመ፤ ብናጠፋው፣ ብናበራው፣ ባትሪውን አውጥተን ብንመልሰው አልነቃም። ሁለተኛ ካሜራ አልነበረንም። ቀኑ እሑድ፣ ወቅቱም የሠርግ በመሆኑ፣ የምናውቃቸው ባለ ካሜራዎች ሁሉ በየሠርጉ ቤት ተበታትነው ነበር። የሙሽሪት አያት ከገጠር ድረስ መጥተው፣ በትራቸውን ተመርኩዘው፣ የልጅ ልጃቸውን ሲመርቁ እኛ የሞተ ካሜራ ታቅፈን ቆመን ቀረን። በኋላ ከእንግዶች ስልክ የለቀምናቸው ጥቂት ፎቶግራፎች የአያትየዋን ነጠላና የሰዎችን ማጅራት እንጂ ፊታቸውን አያሳዩም።

የተቀበልነውን ገንዘብ መለስን፤ ምርቃቱን ግን መመለስ አልቻልንም። ካሜራው ከጠጋኝ ዘንድ በተመረመረ ጊዜ የብርሃን መዝጊያው፣ ማለትም ሹተሩ፣ ከ200,000 ጊዜ በላይ የሠራ ሆኖ ተገኘ። ሻጩ ይህንን ቁጥር አልነገረንም። እውነቱን ለመናገር ግን እኛም አልጠየቅነውም።

እንግዲህ በእኛ አስተያየት ያገለገለ ካሜራ ሁለት ዋጋ እንዳለው መታወቅ አለበት። አንደኛው የገበያ ዋጋ ነው፤ ይኸውም ስሙ፣ መልኩ፣ ዕድሜውና የፈላጊው ብዛት የሚወስኑት ነው። ሁለተኛው የሥራ ዋጋ ነው፤ ይኸውም ካሜራው ለታሰበለት ተግባር ምን ያህል እምነት የሚጣልበት መሆኑ ነው። አበባና ወፍ ለማንሣት የሚገዛ ሰው የገበያውን ዋጋ ብቻ ቢመለከት ጉዳቱ የራሱ ነው፤ አበባው ነገም ይገኛልና። ሠርግ ግን ነገ የለውም። ቀለበቱ ለካሜራ ተብሎ ሁለተኛ ቢጠለቅ ቴያትር ይሆናል እንጂ ቃል ኪዳን አይሆንም። ስለዚህ ለሠርግ የሚገዛ ካሜራ በሚያወጣው ፎቶግራፍ ውበት ብቻ ሳይሆን፣ በዚያ በአንድ ቀን ባለመክዳቱ መመዘን ይገባዋል።

ሠርግ ከካሜራ ምን ይጠይቃል? ከሁሉ አስቀድሞ በጨለማ ማየትን ይጠይቃል። ተክሊል በሚደርስበት ቤተ ክርስቲያን፣ ኒካሕ በሚታሰርበት ሳሎን፣ ወይም መጋረጃው በተዘጋ አዳራሽ ውስጥ ያለው ብርሃን ለዓይናችን በቂ ቢመስልም ለካሜራ ትንሽ ነው። ፍላሽ ማብረቅም ጸሎት የሚያውክ በመሆኑ ካህናቱ ሊከለክሉ ይችላሉ። በዚህ ጊዜ የሚያድነው ሌንሱ እንጂ የካሜራው ዝና አይደለም። ከካሜራው ጋር አብሮ የሚሸጠው የተለመደው ባለ 18–55 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ ፊት ለማቅረብ ወደ 55 ሲሳብ ዓይኑ ከኤፍ 5.6 በላይ አይከፈትም። ኤፍ 2.8 የሚከፈት ሌንስ ከዚህ 4 እጥፍ ብርሃን ያስገባል፤ ርካሽ የሆነው ባለ 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ሌንስ ደግሞ ወደ 10 እጥፍ ያህል ያስገባል። ትርጉሙ ይህ ነው፤ በመጀመሪያው ሌንስ በ1/20 ሴኮንድ ተነሥቶ የሙሽራው እጅ የሚደበዝዝበት ቦታ፣ በሦስተኛው ሌንስ በ1/200 ሴኮንድ ጥርት ብሎ ይነሣል። ስለዚህ ገንዘቡን በሙሉ በካሜራው አካል ላይ አፍስሶ በደካማ ሌንስ ወደ ሠርግ የሚሄድ ሰው፣ ለበቅሎዋ የብር ዕቃ ገዝቶ ገፈራ እንደ ነሣት ሰው ነው።

ሁለተኛ፣ ሠርግ ፎቶግራፉ በሁለት ቦታ እንዲጻፍ ይጠይቃል። ሜሞሪ ካርድ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊበላሽ ይችላል። ሁለት የካርድ ማስገቢያ ያለው ካሜራ እያንዳንዱን ፎቶግራፍ በሁለቱም ላይ ሊጽፍ ስለሚችል፣ አንዱ ቢጠፋ ሌላው ይተርፋል። እዚህ ላይ አዲስ ሁሉ ይሻላል የሚለው አስተሳሰብ ስሕተት መሆኑ በግልጽ ይታያል። (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ2012 የወጣው ካኖን 5ዲ ማርክ 3 ሁለት ማስገቢያ አለው፤ በ2014 የወጣው ኒኮን ዲ750ም እንዲሁ። ከእነርሱ በኋላ በ2018 የወጡት ካኖን ኢ.ኦ.ኤስ. አርና ኒኮን ዜድ 6 ግን አንድ ማስገቢያ ብቻ ነው ያላቸው። ሁለቱ ኩባንያዎች ሁለት ማስገቢያ ያላቸውን ካኖን አር 6ንና ኒኮን ዜድ 6 ሁለተኛን ያወጡት በ2020 ነው። ታዲያ የዓመቱን ቁጥር ብቻ አይቶ የሚገዛ ሰው፣ የበለጠ ከፍሎ ለሠርግ ያነሰ ዋስትና ያለውን ዕቃ ይዞ ሊሄድ ይችላል።

ስለ ሜጋፒክሰል ብዛት የሚደረገው ክርክርም ከሚገባው በላይ ሆኗል። አንድ 20 በ30 ሳንቲ ሜትር የሆነ የአልበም ገጽ በጥሩ ጥራት፣ ማለትም በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ሆኖ እንዲታተም 8.4 ሚሊዮን ያህል ነጥብ ይበቃዋል። በ2008 የወጣው ኒኮን ዲ700 እንኳ 12 ሚሊዮን አለው። ሙሽሮቹ አልበማቸውን ሲገልጡ የሚያዝኑት ነጥብ ስላነሰ አይደለም፤ አያታቸው ስለሌሉበት ነው።

አሁን ያለንበት ጊዜ ለተማሪ ገዢ መልካም ዕድል የከፈተ ነው። ሶኒ በ2013 በትልቅ ሴንሰር የሚሠራ፣ ውስጡ መስታወት የሌለው ካሜራ ካወጣና ካኖንና ኒኮንም በ2018 ወደዚሁ ከገቡ ወዲህ፣ ብዙ የሙያው ሰዎች ባለ መስታወቱን ካሜራቸውን እየሸጡ ወደ አዲሱ ተሻግረዋል። ስለዚህም ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ እኛ በመስኮት ብቻ የምናየው ዓይነት ካሜራ ዛሬ በእጃችን ሊገባ የሚችል ሆኗል። ነገር ግን ርካሽ የሆነበትን ምክንያት ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። ፋሽኑ ስላለፈበት የረከሰ ካሜራ ለእኛ ሲሳይ ነው፤ ዕድሜው ስላለቀ የረከሰ ካሜራ ግን ዕዳ ነው። ሁለቱ በጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ቢቀመጡ መልካቸው አንድ ነው።

የሚለያቸው አንዱ መንገድ ሒሳብ ነው። ከላይ የጠቀስናቸው የካኖን 5ዲ ማርክ 3ና የኒኮን ዲ750 ሹተሮች ለ150,000 ጊዜ ያህል እንዲያገለግሉ ተፈትነው የተሠሩ ናቸው። በአንድ ሠርግ ከጧት እስከ ማታ 2,000 ጊዜ ይነሣል እንበል። ለምሳሌ ያህል ብቻ፣ ሀ የተባለው ካሜራ 120,000 ጊዜ የሠራ ሆኖ በ30,000 ብር ይሸጣል፤ ለ የተባለው 60,000 ጊዜ የሠራ ሆኖ በ45,000 ብር ይሸጣል። ከተማሪ አሥሩ ዘጠኙ ወደ ሀ እንደሚሮጥ እንገምታለን። ሲሰላ ግን የሀ ቀሪ ዕድሜ 30,000፣ ማለትም 15 ሠርግ ነው፤ ለአንድ ሠርግ 2,000 ብር ይደርሳል። የለ ቀሪ ዕድሜ 90,000፣ ማለትም 45 ሠርግ ነው፤ ለአንድ ሠርግ 1,000 ብር ብቻ ይደርሳል። ስለዚህ ውድ የመሰለው በግማሽ ረክሶ ተገኘ። እርግጥ ነው፣ ይህ ቁጥር ግምት እንጂ የሞት ቀጠሮ አይደለም፤ ሳይደርስበት የሚሰበር አለ፣ አልፎት ብዙ የሚጓዝም አለ። ቢሆንም ቁጥሩን ሳይጠይቁ መግዛት ጥርሷን ሳያዩ በቅሎ እንደ መግዛት ነው። የኒኮን ካሜራዎች ይህንን ቁጥር በሚያነሡት ፎቶግራፍ ፋይል ውስጥ ስለሚጽፉት በኮምፒዩተር በቀላሉ ይነበባል፤ ለብዙዎቹ የካኖን ካሜራዎች ግን ለዚሁ የተሠራ ፕሮግራም ያስፈልጋል።

ሁለተኛው መንገድ ፈተና ነው፤ እርሱም አንድ ሰዓት አይፈጅም። ሌንሱን ወደ ኤፍ 16 አጥብቦ ነጭ ግድግዳ ማንሣት በሴንሰሩ ላይ ያለውን ጉድፍ ያወጣል፤ አቧራ ከሆነ ይጠረጋል፣ ጭረት ከሆነ ግን አይድንም። ሌንሱን ከካሜራው ነቅሎ በስልክ መብራት ከኋላው ማብራት በመስተዋቶቹ መካከል የበቀለውን ሻጋታ እንደ ሸረሪት ድር አድርጎ ያሳያል። ጋዜጣ በአግድም ዘርግቶ፣ የሌንሱን ዓይን እስከ መጨረሻው ከፍቶ፣ አንዱን መስመር ለይቶ ማንሣት ፎከሱ በትክክል መያዙን ይናገራል። ፍላሹን በሙሉ ኃይሉ ደጋግሞ ማብረቅ ለመሙላት የሚፈጅበትን ጊዜ ያስታውቃል። ሁለቱንም የካርድ ማስገቢያዎች ካርድ አስገብቶ መሞከር ያስፈልጋል፤ ሻጭ ሁለት ማስገቢያ አለው ሲል ሁለቱም ይሠራሉ ማለቱ ላይሆን ይችላል። ባትሪውም አይዘነጋ፤ እንደ ዲ750 ያሉት የኒኮን ካሜራዎች የባትሪውን እርጅና ከ0 እስከ 4 ባለ ቁጥር ያሳያሉ፣ 4 የደረሰው መለወጥ ያለበት ነው። በመጨረሻም መቶ ጊዜ በተከታታይ አንሥቶ ድምፁን ማዳመጥ፣ ይህ ነው ዳገት ማስወጣት ማለት።

የአንዳንድ ካሜራ ጉድለት ደግሞ በአደባባይ የታወቀ ነው። ኒኮን ዲ600 በ2012 ከወጣ በኋላ በሴንሰሩ ላይ የዘይትና የአቧራ ነጠብጣብ ይታያል ተብሎ ብዙ ተወራበት፤ ኩባንያው በ2013 ዲ610ን አወጣ፣ በ2014ም የዲ600 ባለቤቶችን ካሜራ ያለ ክፍያ እንደሚያድስ አስታወቀ። በዲ750ም ከፊሎቹ ሹተራቸው የፎቶግራፉን ከፊል የሚያጨልም ሆኖ ስለ ተገኘ፣ ኩባንያው ከ2015 ጀምሮ በተከታታይ ቁጥራቸው እየለየ ጠገናቸው። እንግዲህ ይህን የሚያውቅ ገዢ ስሙን ሰምቶ አይሸሽም፣ ዋጋውን ሰምቶም አይሮጥም፤ ካሜራውን ገልብጦ ተከታታይ ቁጥሩን ይፈልጋል።

አንዳንድ ወንድሞቻችን «ፎቶግራፍ የሚያነሣው ዓይን ነው እንጂ ካሜራ አይደለም» ሲሉ እንሰማለን። አባባሉ እውነትነት አለው። ነገር ግን ዓይን ያላየውን ካሜራ እንደማይፈጥር ሁሉ፣ ካሜራ ያልያዘውንም ዓይን ለሙሽሮቹ ሊሰጣቸው አይችልም። በዚያች ቀን የአያትየዋን ምርቃት አራታችንም አይተናል፤ እስከ ዛሬም በዓይናችን ላይ አለ። ለሙሽሪት ግን ምን ጠቀማት?

ሌሎች ደግሞ «ለአንዱ ካሜራ ያጣን ተማሪዎች ሁለተኛውን ከየት እናምጣ?» ይላሉ። ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም፤ የተማሪን ኪስ እኛም እናውቀዋለን። መልሳችን ግን ይህ ነው። አንድ አዲስ ካሜራ ሊገዛ በሚችል ገንዘብ አንድ ዓይነት ሌንስ የሚቀበሉ ሁለት የተፈተኑ ያገለገሉ ካሜራዎችን መግዛት ይሻላል፤ አንዱ ቢሞት ሌንሶቹ ሁሉ በሌላው ላይ ይገጥማሉ። ለዚህም ያልበቃ ሰው ከሌላው ተማሪ ጋር ይጣመር፤ ሁለት ሰዎች በሁለት ካሜራ አንድ ሠርግ ቢያነሡ ገቢው ይከፈላል፣ ስጋቱም ይከፈላል። ይህም ካልተቻለ በሙያው የቆየ ሰው ረዳት ሆኖ አንድ የሠርግ ወቅት ማሳለፍ ነውር የለበትም። ከሁሉም ካልሆነ ግን ለሙሽሮቹ «ያለን አንድ ካሜራ ነው» ብሎ አስቀድሞ መንገር ግዴታ ነው። እውነቱን ሰምተው ከፈቀዱ ምርጫው የራሳቸው ነው፤ ሳይነገራቸው ከሆነ ግን በእነርሱ ቀን ቁማር የምንጫወተው እኛ ነን።

ለሻጮችም የምንለው አለ። ተማሪ ለተማሪ ሲሸጥ ከማያውቀው ነጋዴ እንደሚገዛ ሰው መጠራጠር ሊኖር አይገባም ነበር። ካሜራው ወድቆ እንደ ነበረ፣ ውሃ ነክቶት እንደ ሆነ፣ አንደኛው የካርድ ማስገቢያ እንደማይሠራ እያወቀ ዝም ብሎ የሚሸጥ ሰው የሸጠው ካሜራ ብቻ አይደለም፤ የማያውቃትን ሙሽራ ቀን አብሮ ሸጧል። ጉድለቱን ተናግሮ ዋጋውን ዝቅ ማድረግ ግን ማንንም አያዋርድም። የተሰነጠቀ ማሰሮም ስንጥቁ ከታወቀ እህል ይያዝበታል፤ ውሃ የሚፈስሰው ሳይነገር ሲሸጥ ነው።

ስለዚህ የተማሪዎች ማኅበራችን ሦስት ነገሮችን እንዲያስብበት እንጠይቃለን። አንደኛ፣ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የሚሸጥ ካሜራ ሁሉ የሹተሩ ቁጥር፣ የሚታወቅ ጉድለቱና የጥገና ታሪኩ የተጻፈበት፣ ሻጩም የፈረመበት አንዲት ወረቀት አብራው እንድትለጠፍ ይሁን። ሁለተኛ፣ ከፊዚክስና ከኢንጂኔሪንግ መምህሮቻችን ፈቃደኛ የሚሆኑ ቢገኙ፣ ከላይ የዘረዘርነውን ፈተና ተማሪዎች የሚማሩበት አንድ የቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይመደብ፤ ስለ ሌንስና ስለ ብርሃን በክፍል የተማርነው ለኑሮአችን የሚጠቅምበት ከዚህ የተሻለ አጋጣሚ አናገኝም። ሦስተኛ፣ ሠርግ በማንሣት የሚተዳደሩ ተማሪዎች በጋራ የሚያስቀምጡት አንድ የተፈተነ መጠባበቂያ ካሜራ ይኑር፤ በሠርግ እሑድ የአንዱ ካሜራ ቢሞት ስልክ ደውሎ የሚያስመጣው እንዲኖረው ማለት ነው።

እኛ አራታችን በበኩላችን ጀምረናል። የሞተውን ካሜራ አስጠግነን፣ ሁለተኛም ጨምረን፣ የሁለቱንም ቁጥር በደብተር እንጽፋለን። ዘንድሮ ወደ ሠርግ ስንጠራ ከዋጋው በፊት የምንነግራቸው የካሜራዎቻችንን ዕድሜ ነው። አንዳንዱ ሰው ይስቃል፤ አንዳንዱም ወደ ሌላ ይሄዳል። የሚቀረው ግን አምኖን ይቀራል። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንደሚባለው፣ የፎቶግራፍ ሥራም ሥሩ ይህ እምነት ነው እንላለን። ከሙሽሪት አያት ዘንድም ሄደን፣ በደጃፋቸው አስቀምጠን፣ ከልጅ ልጃቸው ጋር ፎቶግራፍ ልናነሣቸው ቃል ገብተናል። የሠርጉ ቀን አይሆንም፤ ያንን እናውቃለን። ነገር ግን በዚያን ቀን ሁለት ካሜራ ይዘን እንሄዳለን።